ሾፌሩን የለመደ መሪ

ምስክሩ ሰኞ ጠዋት በካርቶን ታሽጎ መጣ። ያመጣው የፍርድ ቤት መልእክተኛ ትርሲትን አስፈርሞ ሲወጣ ከበሩ ላይ መለስ ብሎ፣ «ቀስ ብለው ይክፈቱት፤ ደም አለበት» አላት።

ትርሲት ጓንቷን አጠለቀችና ማሸጊያውን ቀደደች። ጥቁር ስፖንጅ ላይ የመኪና መሪ ተኝቷል። ቢጫ ካርድ ታስሮበታል፦ «የምስክር ዓይነት፦ ዋና። ዕድሜ፦ ዘጠኝ ዓመት። የሥራ ቦታ፦ ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ፣ የሐረጎ መስመር።» በ2091 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ውስጥ መሪ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲመሰክር የሚገርመው ሰው አልነበረም። ትርሲት ራሷ በዚያ ዓመት ብቻ ከስልሳ በላይ መሪዎችን መርምራ፣ የመዘገቡትን አውጥታ፣ ቃላቸውን ሰው በሚገባው ቋንቋ ጽፋ ለዳኞች ልካለች። ሥራዋ ይኸው ነው።

መኪና በራሱ መሄድ ከጀመረ ቆይቷል። ከኮምቦልቻ ደሴ፣ በተራራው ሆድ በተቆፈረው ዋሻ፣ ሾፌር የሌላቸው መኪኖች በሰባት ደቂቃ ይደርሳሉ። በአሮጌው የሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ግን፣ ናዳ በሚወርድበት፣ ጉም በድንገት በሚጋርደው፣ በግ መሀል መንገድ ላይ በሚተኛበት፣ አሁንም የሰው እጅ ያስፈልጋል። ሰው የሚነዳው መኪና መሪ ሁሉ ደግሞ በሕግ መዳፍ ዳሳሽ ይለጠፍበታል። መዳፍ ዳሳሽ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ሽፋን ነው። ሾፌሩ መሪውን ሲጨብጥ ከላቡና ከደም ሥሩ ትርታ መጠጥን፣ አደንዛዥ ዕፅን፣ ድካምንና እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒትን በሦስት ሰከንድ ያነባል። ካልጣመው ሞተሩ አይነሳም።

ትርሲት መሪውን ከኤሌክትሪክ አገናኝታ ሁለት እጆቿን አሳረፈችበት።

«ማን ልበል?» አላት መሪው በለሰለሰ ድምፅ።

«መርማሪ ነኝ።»

«ጋሽ ሽብሩ ዛሬ አልመጡም?»

«አልመጡም። ባለፈው ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ መዳፋቸው እንዴት ነበር?»

«ደህና ነበሩ። እንደ ሁልጊዜያቸው።»

መዝገቡም ያንኑ ይላል። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ። ነገር ግን በዚያው ሐሙስ፣ በዚያው ሰዓት፣ ክሊኒክ የተጫነባት መኪና ሐረጎ መታጠፊያ ላይ ከመስመሯ ወጥታ ሰዓዳ ይመር የተባለች የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ገጭታለች። ሾፌሩ ጋሽ ሽብሩ ደግሞ ሆስፒታል ነቅተው ለፖሊስ የሰጡት የመጀመሪያ ቃል፣ «ጠጥቼ ነበር» የሚል ነው።

እኩለ ቀን ላይ ዐቃቤ ሕጉ አቶ ዘካርያስ ራሱ ወደ ላቦራቶሪው መጣ። ሃምሳዎቹን የጀመረ፣ ጥንቁቅ፣ ንግግሩን በቄንጥ የሚመርጥ ሰው ነው።

«ነገሩ ግራ ሆኖብናል» አለ፣ ባርኔጣውን ጠረጴዛ ላይ እያኖረ። «ሾፌሩ ጠጥቻለሁ ይላል። መሪው አልጠጣም ይላል።»

«ታዲያ ሰውየውን ማመን ነዋ። ማን በሌለበት ጥፋት ራሱን ያስራል?»

«ድሮ ብዙ ሰው ነበር እንደዚያ የሚያደርገው። ጌታው ሰክሮ ሰው ይገጭና የሚታሰረው ሾፌሩ ነበር፤ ‹እኔ ነኝ› በል ይባላል። ለዚህ ነው ሕጉ ከመሪው ቃል የሚጋጭ የእምነት ቃል ብቻውን አይበቃም ያለው።»

«የደም ምርመራውስ?»

«ራሱን ተመቶ ብዙ ደም ፈሶት ስለነበር ከመመርመሩ በፊት የሌላ ሰው ደም ተሰጥቶታል። ውጤቱ ተምታታ።» ዘካርያስ መሪውን ሳይነካው ዞር ብሎ አየው። «ሰባት ቀን አለዎት። ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል፤ ማን እንደሆነ ይንገሩን። ጠጥቶ ከሆነ ግን እኔ አልራራለትም። ጠጥቶ መሪ የሚይዝ ሰው፣ ለኔ፣ ገበያ መሀል ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ ነው።»

ትርሲት የቀረውን ቀን ሽፋኑን በአጉሊ መነጽር ስትመረምር፣ የአልኮል ጠብታ ስታሳየው፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ስትፈትን ዋለች። አንዲት ጠብታ አልኮል በእጇ ላይ ስትቀባ መሪው ወዲያው ቀላ። ዕቃው ጤነኛ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ሽብሩ ወደታሰሩበት ጣቢያ ሄደች። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ግንባራቸው በፋሻ ታስሯል። ስትገባ አግዳሚውን ተደግፈው ተነሡላት።

«የመሪው ሐኪም አንቺ ነሽ አሉኝ፣ ልጄ።»

«ነኝ ጋሼ። ይቀመጡ እባክዎ። መሪው ደህና ነበሩ ይላል።»

«ይዋሻል» አሉ። ወዲያው ደግሞ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ኧረ ይዋሻልስ አልልም። ዘጠኝ ዓመት አብሮኝ ሠርቷል። አላወቀም እንጂ።»

«ምን ጠጥተው ነበር?»

«ካቲካላ። ሁለት መለኪያ፣ ቁርስ ሳልቀምስ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ጋሽ ሽብሩ እጃቸውን አዩት። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስናቁ የሞቱት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። መጀመሪያ ላይ እሑድ እሑድ አንዲት ጉንጭ ነበረች፤ ቤቱ ባዶ ሲሆንባቸው። ከዚያ ቅዳሜም ገባ። ከዚያ የሥራ ቀን። ከዚያ ደግሞ ጠዋት እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ እንዲያርፍላቸው ብለው።

«መጀመሪያ ቀምሼ የወጣሁ ጠዋት መሪውን ስጨብጥ፣ አሁን ይይዘኛል ብዬ ልቤ ቆመ» አሉ። «ልንገርሽ፣ እንዲይዘኝም ፈልጌ ነበር። አልያዘኝም። ‹እንደምን አደሩ ጋሽ ሽብሩ› አለኝ፣ ሞተሩ ተነሳ። እንግዲያውስ ደህና ነኝ ማለት ነው አልኩ። እንዲህ ያለ የተማረ ዕቃ ደህና ነህ ካለኝ፣ እኔ ማን ነኝና አይደለሁም የምል?»

«ሐሙስ ዕለትስ?»

በእጃቸው ፋሻውን ዳሰሱ። ሲናገሩ ድምፃቸው ወርዶ ነበር።

«አየኋት። አላየኋትም ብል በቀለለኝ። ሰዓዳን ከሕፃንነቷ አውቃታለሁ፤ ሁልጊዜ እጇን አንስታ ሰላም ትለኛለች። ያን ቀንም እጇን አንስታ ነበር። ፍሬን ልያዝ ብዬ አሰብኩ። አሰብኩ እልሻለሁ! እግሬ ግን ሐሳቤን አልሰማውም። ጊዜ ያለ መስሎኝ ነበር፣ ልጄ። ብዙ ጊዜ ያለ መስሎኝ ነበር።»

ትርሲት ማስታወሻዋን ዘጋች። «ዝም ቢሉ እኮ ነጻ ነበሩ። መሪው ይበቃዎት ነበር።»

«እሷ ስትነቃ ‹ምን ሆኖ ነው?› ብላ ትጠይቃለች። መልሱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እሱን እንኳ ልከልክላት?»

ከጣቢያው ስትወጣ አንዲት ሴት በሩ ላይ ጠበቀቻት። የጋሽ ሽብሩ ልጅ እመቤት ነበረች፤ ምሳ ዕቃ ይዛለች፣ ዓይኗ አብጧል።

«እህቴ፣ መሪው ደህና ነበር ካለ ለምን አታምኝውም?» አለች ክንዷን ይዛ። «አባቴን የሚያናግረው ሐዘን ነው። እዚያ ተራራ ላይ ያሉ እናቶች ክትባት የሚያገኙት በሱ ነው። እስር ቤት ገብቶ ማንን ይጠቅማል?»

«አንቺ ታውቂ ነበር? እንደሚጠጡ?»

እመቤት ምሳ ዕቃውን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«መጀመሪያ ሰሞን ሲሸተኝ እጣላው ነበር» አለች። «አንድ ቀን ስተወው፣ ሌላ ቀን ስተወው… ለመድኩት። በኋላማ የሱ የራሱ ጠረን መሰለኝ። አባቴ አባቴ የሚሸት።»

ትርሲት ወደ ላቦራቶሪው ስትመለስ ያቺ ቃል አብራት ሄደች። ለመድኩት። ወንበሯ ላይ ሳትቀመጥ መሪውን አበራችው፤ የሐሙሱን መዝገብ ትታ የሦስት ዓመቱን ሁሉ ጠራች፤ በግድግዳው ሙሉ አንድ መስመር አድርጋ ዘረጋችው። ከዚያ ወደ ኋላ ተራምዳ አየችው።

እያንዳንዱ ቀን ከትናንቱ ጋር ሲተያይ ልዩነት የለውም። የፀጉር ውፍረት ያህል እንኳ የለውም። የመጨረሻው ቀን ከመጀመሪያው ጋር ሲተያይ ግን የሁለት ሰዎች መዳፍ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። በዚህ መሪ ላይ እንቁላሉ እግር አውጥቶ ሐረጎን ወጥቷል፤ መሪውም በየጠዋቱ ‹እንደ ሁልጊዜያቸው ናቸው› እያለ አሳልፎታል።

ትርሲት እጇን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ቆመች። የዳሳሹ ክፍል የትኛው እንደሆነ መፈለግ አላስፈለጋትም። ስሙ ‹ልማድ› ይባላል። የሠራችው ራሷ ናት።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት መዳፍ ዳሳሽ ለሁሉም ሰው አንድ ልክ ነበረው። ያኔ አንድ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ባለቤቱ ምጥ ይዟት መኪናውን ሊያስነሳ ሲል፣ እጁ ቀኑን ሙሉ በማጽጃ አልኮል ሲታጠብ ስለዋለ መሪው እንቢ አለው። አርባ ጊዜ ሞከረ። ልጁ መኪናው ውስጥ ተወልዶ መኪናው ውስጥ ሞተ። ሕዝቡ አለቀሰ፣ መሣሪያው ርኅራኄ የለውም አለ። የሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ትርሲት ያን ጊዜ ነው ‹ልማድ›ን የጻፈችው፤ ዳሳሹ እያንዳንዱን ሾፌር በራሱ ልክ እንዲያውቀው፣ የስኳር በሽተኛውን ላብ፣ የነርሷን እጅ፣ የሽማግሌውን ትርታ ቀስ እያለ እንዲማር። ስለዚህ ሥራዋ ተሸልማለች። ሽልማቱን ስትቀበል፣ «መሣሪያ ሰውን መልመድ አለበት» ብላ ተናግራ ሰው ሁሉ ቆሞ አጨብጭቦላታል። መልመዱ የት ላይ መቆም እንዳለበት ግን እሷም አልጻፈችም፣ ማንም አልጠየቃትም።

ሁለት ቀን ወረቀት ላይ ተቀመጠች። «ይህ መሪ ጉድለት አለበት» ብላ ብትጽፍ በቂ ነው። የጋሽ ሽብሩ ቃል ይታመናል፣ ጉዳዩ ይዘጋል፣ ስሟም አይነሳም። ነገር ግን ያው ‹ልማድ› በወሎ ብቻ አርባ አንድ ሺህ መሪዎች ውስጥ ተቀምጧል።

ዓርብ ሆስፒታል ሄደች። ለምን እንደምትሄድ ለራሷም በደንብ አልነገረችም።

ሰዓዳ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ብርድ ልብሱ በግራ በኩል ከጉልበቷ በታች ጠፍጣፋ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ንድፍ አውጪ ናት፤ አልጋዋ ላይ የተጀመሩ የጥለት ሥዕሎች ተበትነዋል። ትርሲት ማን እንደሆነች ስትነግራት ወረቀቶቹን ሰብስባ ቦታ ለቀቀችላት።

«በሚቀጥለው ወር ሰው ሠራሽ እግር ይገጠምልሻል ብለውኛል» አለች። «ሐሳብሽን አንብቦ ይራመዳል አሉኝ። ጥሩ ይሆናል። የኔ ግን አይደለም።» ወረቀቶቹን ጭኗ ላይ እያስተካከለች፣ «እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» አለች።

«ጠይቂኝ።»

«መሪው ጋሽ ሽብሩ ደህና ነበሩ አለ ሲሉ ሰማሁ። እንግዲያው ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ነው? መሀል መንገድ ገብቼ ነበር? ደጋግሜ አስባለሁ፤ የቆምኩት ጥጉን ይዤ ይመስለኛል። መኪናዋን አይቻታለሁ። ግን አልሸሸሁም። ጋሽ ሽብሩ ናቸው ብዬ እጄን አነሳሁ። ከሳቸው መኪና ማን ይሸሻል?»

ትርሲት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ዕንባዋን አልደበቀችም።

«ጥፋቱ የአንቺ አይደለም። ጥጉን ይዘሽ ነበር። እሳቸው ጠጥተው ነበር፤ መሪው ደግሞ ሊያስቆማቸው ሲገባ አላስቆማቸውም። ያላስቆማቸው በኔ ስህተት ነው።»

ሰዓዳ አልተቆጣችም፣ አይዞሽም አላለቻትም። «ይህን ለዳኛው ትነግሪልኛለሽ?» አለች ብቻ።

«እነግርልሻለሁ።»

በሚቀጥለው ሰኞ ትርሲት ችሎት ቀርባ ሁሉንም ተናገረች፤ የሦስት ዓመቱን መስመር ግድግዳው ላይ ዘርግታ፣ ‹ልማድ›ን ማን እንደጻፈው ስሟን ጠርታ። ዳኛዋ ወይዘሮ ከበቡሽ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ይህን ሳይጠየቁ መናገርዎ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ያውቃሉ?» አሏት።

«አውቃለሁ ክብርት ዳኛ።»

ፍርዱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተሰጠ። ዘካርያስ ቆሞ ሰባት ዓመት ጠየቀ፤ የክርክር ንግግሩ አዳራሹን ጸጥ ያሰኘ ነበር። «ሾፌሩ ሐዘንተኛ ነው፤ እናዝንለት» አለ። «መንገዱ ግን የሐዘንተኛም የደስተኛም ነው። ያችን መለኪያ ባነሳ ጊዜ የሰዓዳን እግር አብሮ አንስቷል።» ጋሽ ሽብሩ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት፤ ለመከላከል አንድ ቃል አልተናገሩም።

ሰዓዳ በተሽከርካሪ ወንበር መጥታ ነበር። ዳኛዋ የምትለው እንዳለ ሲጠይቋት ወደ ዳኞቹ አልተናገረችም፤ ወደ ጋሽ ሽብሩ ዞረች።

«ጋሼ፣ ይቅር ብዬዎታለሁ ለማለት ገና ነኝ። ልዋሽዎ አልፈልግም። ግን እውነቱን ስለነገሩኝ ራሴን መጠርጠር ትቻለሁ። እሱን ሰጥተውኛል።»

ጋሽ ሽብሩ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ከኋላ የተቀመጠችው እመቤት ብድግ ብላ ነበር፤ ፖሊሱ አልከለከላትም፤ ሄዳ የአባቷን ጀርባ ያዘች።

ፍርድ ቤቱ በራሳቸው ፈቃድ ማመናቸውን ቆጥሮ አራት ዓመት እስራት ፈረደ፤ የመንጃ ፈቃዳቸው ለዕድሜ ልክ ተሰረዘ፤ በእስር ቤት ሆነው ከመጠጥ የመላቀቅ ሕክምና እንዲከታተሉ ታዘዘ። ትርሲትን በተመለከተ ፍርድ ቤቱ ስህተት እንጂ ወንጀል አላገኘም። ‹ልማድ›ን በየመሪው ውስጥ አርማ እስክትጨርስ እንድትሠራ፣ ከዚያ ለአንድ ዓመት ከመርማሪነት እንድትታገድ ወሰነ። እንደዚያ ሲባል ትከሻዋ ቀለላት።

አዲሱን ሥራ ከንጋት እስከ ማታ ሠራችው። ዳሳሹ አሁንም የነርሷን እጅና የስኳር በሽተኛውን ላብ ያውቃል። መጠጥ ላይ ሲደርስ ግን ግንብ አቆመችበት፤ ያችን ግንብ መሪው ሾፌሩን ዘጠኝ ዓመት ቢለምደውም አያነሳትም። በየጣቢያው፣ በየስልኩ፣ በየራዲዮው ለአንድ ሳምንት ተነገረ፦ ሰኞ ጠዋት መሪዎች ሁሉ ይታደሳሉ። በመሪ የተከለከለ ሰው ስላልነዳ አይከሰስም። በሠላሳ ቀን ውስጥ በፈቃዱ ወደ ሕክምና ቤት የሄደም ያለፈው አይቆጠርበትም። ሁሉም ሰማ። ይህ እኔን ይመለከተኛል ያለ ግን አልነበረም ማለት ይቻላል።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ትርሲት ከቤቷ ወጣች። ፀሐይዋ በቦርከና ወንዝ በኩል ብቅ ብላለች። ከተማው ፀጥ ብሏል፣ ግን ባዶ አይደለም። ሰዎች በየደጃቸው፣ በየመኪናቸው አጠገብ ቆመዋል። አንዲት የዳቦ ቤት ባለቤት የዕቃ መኪናዋን በር ከፍታ ትዘጋለች፣ ከፍታ ትዘጋለች። የሰፈሩ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ቁልፉን በእጁ ይዞ መሬት ያያል። ማንም ማንንም ቀና ብሎ አያይም። በዚያ ጠዋት በወሎ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ መሪዎች እንቢ ብለዋል።

መንገዱ ጫፍ ላይ ስትደርስ ዘካርያስን አየችው። ከመኖሪያ ግቢው በር ውጭ፣ ግራጫ መኪናው ውስጥ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሞተሩ አልተነሳም። መስኮቱ ክፍት ስለነበር የመሪው ድምፅ እስከ መንገዱ ይሰማል፦ «ይቅርታ፣ ዛሬ መንዳት አይችሉም።»

ትርሲትን ሲያያት ፈጠን ብሎ ወረደ።

«አዲሱ ሥራዎ ችግር አለበት» አለ። «ያርሙት። እኔን መንዳት አይችሉም ይለኛል።»

«እሺ አቶ ዘካርያስ። አየዋለሁ።» ጎንበስ ብላ መሪውን አየችው። ዳሳሹ በደንብ ይሠራል። ቀና ስትል የዘካርያስ ፊት ተለውጦ ነበር።

«ማታ ማታ ብቻ ነው» አለ። «ከሥራ በኋላ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠጥቼ አላውቅም። ሲነጋ ከሰውነቴ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። ራሴን አያመኝም፣ እግሬ አይንገዳገድም… ከዚህ ቤት እየተነሳሁ ነው ሰው ለማሳሰር የምሄደው።»

ትርሲት የመኪናውን በር ተደግፋ ሰማችው።

«ሰባት ዓመት ጠየቅሁባቸው» አለ ዘካርያስ። ‹እርስዎ› የሚለው አነጋገሩ ድንገት ጠፋው፤ እንደ እህቱ አያት። «ትርሲት፣ የጠየቅሁት ትክክል ነው። አሁንም ትክክል ነው። ግን በኔና በሳቸው መካከል ያለውን ልዩነት ታውቂያለሽ? በኔ መንገድ ላይ ሰዓዳ አልቆመችም። በቃ። ሌላ የለም።»

ቁልፉ በእጁ ላይ ነበር። ትርሲት ቀስ ብላ ወሰደችለት፤ የመኪናውን መስኮት ዘጋች፣ በሩን ቆለፈች፣ ቁልፉን በኮት ኪሱ ከተተችለት።

«ዛሬ ስንት ሰዓት ነው ችሎትህ?» አለችው።

«አራት ሰዓት።»

«ሕክምና ቤቱ በሁለት ሰዓት ይከፈታል። በእግር ሃያ ደቂቃ ነው።»

ዘካርያስ መንገዱን አየው። ርእሰ መምህሩ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ወደዚያው አቅጣጫ ብቻውን መራመድ ጀምሯል። ዳቦ ቤቷ ሴትዮ ጎረቤቷን ጠርታ ዳቦውን በእጅ ጋሪ ይጭናሉ። ሁለት ጎልማሶች፣ ምናልባት አንዱ የተከለከለ አንዱ የተፈቀደለት፣ አንድ መኪና ውስጥ ተሳፍረው ሄዱ።

«እንዲህ በእግሬ ሲያዩኝ ምን ይላሉ?» አለ ዘካርያስ።

«አብረውህ የሚሄዱት ናቸው የሚያዩህ።»

ሃያ ደቂቃ ያህል ጎን ለጎን ሄዱ። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ዘካርያስ ቆመ፤ በስተቀኝ የሕክምና ቤቱ ነጭ በር ይታያል፤ በሩ ላይ ሰዎች ተራ ይዘዋል፤ አንዳቸው ለሌላው ቦታ እየለቀቁ ነው።

«ትርሲት» አለ፣ «እስከ ውስጥ አብረሽኝ ትገቢያለሽ?»

«እገባለሁ» አለችውና ክንዷን ሰጠችው።